አቤት

እናቴ ስም ስታወጣ «ልንገረው» ብላ ጠራችኝ፤
ማንን፣ ምን፣ እንደምነግረው ሳትነግረኝ ሞተችብኝ።
ዓባይ ከጣና ሲሰናበት፣ ባሕር ዳር፣ ከሾላው ሥር፣
ሃያ ሦስት ዓመት ጻፍሁ የሌላውን ሰው ምሥጢር።
መግቢያው ሁልጊዜ አንድ ነው፣ ባለጉዳይ ቢለዋወጥም፤
«አቤት» ብዬ ነው የምጀምር፤ ሌላ መጀመሪያ የለም።

ሰፋሪ ነን። አያቶቻችን ከማዶ ተጭነው መጥተው፣
«ዳሩን ጠብቁ፣ ደንገሉን መንጥሩ» ተብለው፣
ወባው ግማሹን ሲበላ፣ ግማሹ ቀብሮ ዘራ፤
አንድም ቀን የንጉሡን ስም በክፉ አፍ አልጠራ።
በዳዊታችን ኅዳግ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል፤
እሱ ግን ከተራራው ማዶ፣ ከሰባት ወንዝ ወዲያ ይኖራል።
ፊቱን ያየነው በብር ላይ ነው፤ የሚያየው ወደ ጎን፤
እሱንም ቀራጭ ይወስደዋል፣ በኪስ ሳያድር አንድ ቀን።

አሥራቱን ሰጠን። እህል ነው፤ ምድር ከሰጠች ይሰጣል።
ማሩንም ሰጠን። ንብ ካለ፣ ቀፎው በዓመቱ ይሞላል።
ኋላ ግን ደብዳቤ መጣ፦ «በየታንኳው አንድ ብር»፤
ቀራጩ ጓንጉል አነበበው፣ ቆሞ ከወደቡ ዳር።

ንጉሥ ታንኳ አይቶ አያውቅም።
ዋንዛ መስሎታል፣ ዝግባ፣ ልጅ ካባቱ የሚወርሰው፤
የኛ ታንኳ ደንገል ነው፣ ውሃ ጠጥቶ የሚፈርሰው።
ሁለት ወር ቢቆይ ነው፤ ከዚያ ይከብዳል፣ ይጠቁራል፣
ባለቤቱ ለማገዶ ያሰጣዋል፣ ሌላ ያስራል።
ጓንጉል ሌላውን ሲያይ ሌላ መስመር ያሰምራል።
አንድ ሰው፣ አንድ መቅዘፊያ፣ በመዝገብ ግን ስድስት ታንኳ፤
አምስቱ ከነደዱ ወዲያ ግብራቸው በር የሚያንኳኳ።

እናም ጻፍሁ፦ «አቤት ጌታዬ፣ ደንገል ይበሰብሳል።»
ይህችን ብቻ። ጣና ዳር ያደገ ሕፃን ያውቃል።
የመጀመሪያው ጠፋ። የሁለተኛውም ወሬ የለ።
ሦስተኛው ግን ተመለሰ፦ «ቴምብሩ ስሙኒ ጎደለ።»
ስሙኒ አዋጥተን ላክን። ከበደል የባሰ በደል፤
ስለ ግብር ለማልቀስ እንኳ ሌላ ግብር መክፈል።

ልጅ ከሩቅ ሲጠሩት «አቤት» ይላል።
የተበደለም ወደ ላይ «አቤት» ይላል።
ያው ቃል ነው፤ ሲሄድ ጥሪ፣ ሲመለስ መልስ ይሆናል።
እኛ ሲጠራን «አቤት» አልን፣ ለዘመቻ፣ ለድልድይ፣ ለግብር፤
እኛ «አቤት» ስንል ግን ዝም፤ ሰማዩም ዝም፣ ምድር።

የዘርትሁን ባል ሰጠመ፣ በሐምሌ፣ ከነታንኳው፤
አርባው ሳይወጣ ጓንጉል መጣ፤ አልሰጠመም ነበር ዕዳው።
አላለቀሰችም። ወደ ውሃው ወረደች፣ እስከ ወገቧ፤
የበሰበሰ ደንገል ታቅፋ ወጣች፣ እንደ ልጅ፣
ከመዝገቡ ላይ አኖረችው፦ «ይኸው ታንኳው፤ ቁጠረው እንጂ!»
ውሃው በገጹ ወረደ። ስም ከስም ተቀላቀለ፣
የሞተው ካለው ሰው ጋር፣ የከፈለው ካልከፈለ።
ጓንጉል ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ለእውነት ልመስክር፤
እጁ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፣ ገጹን በጋቢው ጫፍ ሊያደርቅ ሲሞክር።

በነጋታው አዲስ መዝገብ ይዞ ከወደቡ ቆሞ ጠራ፦
«ይርዳው!» ዝም።
«አለኸኝ!» ዝም። አለኸኝ ከፊቱ ቆሟል።
«ልንገረው!»
አፌ ተከፍቶ ነበር፤ ሃያ ሦስት ዓመት የለመደ አፍ።
ዘጋሁት።
ከደንገሉ ውስጥ ጉማሬ ብቻ አንዴ አጓራ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን፣ የጎተራውን እሳት፣ ጥይቱን፣
መርማሪው ከእኔ ይልቅ ያውቃል፣ ሰዓቱን ከነቀኑ።
«ማን አሳመጻችሁ?» አለኝ። የሰው ስም ነበር የፈለገ።
«ደንገል» ብለው ሳቀ። ሳቁን ግን በመዝገብ አላደረገ።
ብዕሩን ነከረ፣ እንደኔ፣ ጠርሙሱን ጠርዝ ላይ ጠርጎ፦
«ስምህ?»
«ልንገረው።»
ቀና አለ።
«ማንን?»