የዘንድሮው ሞዴል

አዲሱ ሞተር መጣ፤ ፒያሳ አወረዱት፣
ካርቶኑን በቢላ ተሻምተው ቀደዱት።
ስምንት ሆነን ከበብን። እንድሪስ ከስሩ አየ፦
«ወንድሜ፣ ምኑ ነው ካምናው የተለየ?»

ቀይ የነበረው መስመር ሰማያዊ ሆኗል።
መስታወቱ በጣት ስፋት ወደ ውጭ ወጥቷል።
ሌላ?
ሌላ የለም።
ዋጋው ግን ጨምሯል፤ እሱስ ፍሬን የለውም።

አንዋር ሳቀ ጮክ ብሎ፦ «ለዚህ ነው ዓመቱ?
ልብስ ቀይሮ መጣ ያው የድሮው ፊቱ!
የኔዋን እዩዋት ሐረጎን ስትወጣ፣
ዓመት የሚጠይቅ ኩርባ የታል? ይምጣ!»

ሳቅን። አንገታችንን ነቀነቅን ሁላችን።
እኔ በሆዴ እፎይ፦ አላረጀችብኝም፣
ዕቁቤን ከፍዬ ሳልጨርስ አልተሻረችብኝም።

ሰኞ ገበያ ማታ፣ ሱቁ ሊዘጋ ሲል፣
ጉሙ ከጦሳ ወርዶ አምፖሉን ሲከልል፣
አንዋርን አየሁት፣ ኮፍያውን ደፍቶ፣
ባለሱቁን ሲጠይቅ ለጆሮው ተጠግቶ፦
«ሰማያዊ መስመር… ተለጣፊው… አለ?»
ባለሱቁ ሳቀ፦ «ሰባተኛህ ነህ» አለ።

ስምንተኛው፣
ከኋላው፣
ተራዬን ይዣለሁ።