የሥራ ድርሻ

መሃል ሜዳ፣ የጤና ጣቢያው አዳራሽ፣ ጠዋት፣ በውርጩ ሰዓት፣
የስም መቆጣጠሪያው ዞሮ እጄ ገባ ከነስክሪብቶው፣ ድንገት።
«ስም» ይላል፤ ትርንጎ ብዬ ጻፍኩ፤
«ቀበሌ» ይላል፤ እሱንም ሞልቼ ቀጠልኩ።
«የሥራ ድርሻ» ይላል ሦስተኛው ሣጥን፤
እዚያ ላይ ቆመ እጄ፣ እንደ በቅሎ አየና ገደሉን።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተጻፍኩት በሌላ ሰው እጅ ነበር፦
የካርድ ቁጥር፣ ቀጠሮ፣ የክኒኑ ስም፣ ስንት ፍሬ፣ ለስንት ወር።
ሰፈሩም ጽፎኛል በራሱ መዝገብ፣ በአፉ፤
ልጆች «መጣች!» እያሉ፣ አጥር ዘለው ሲያልፉ።

ጎኔ የተቀመጠው ጌጤነህ፣ ከሞላሌ የመጣው፣
ሣጥኑን አይቶ ሳቀ፤ «ባዶውን ተይው፣ ይሙላው የሚሞላው።»

አሠልጣኛችን ነርስ አስናቀች ናት፣ ድምፅዋ ቀስ ያለ፤
«የመጀመሪያው ትምህርት መስማት ነው» አለች፤ ሁሉም ዝም አለ።
ከዚያ «ተነሡ፣ ጥንድ ጥንድ ሁኑ፤
አንዱ ታማሚ ይሁን፣ አንዱ አጽናኝ፤ በሉ ጀምሩ፣ ሞክሩ፣ አትፍሩ፣ አትዘኑ።»
ተያየን።
የታማሚውን ድርሻ ማን ያጣዋል? በቃል እናውቀዋለን፤
ሌሊቱን፣ ግድግዳው የሚያወራውን፣ ምግቡ መርዝ የሚመስለንን።
ያቃተን ሌላኛው ነው፤
ወንበር ስቦ ቁጭ ብሎ፣ ሳይቸኩል ሰው የሚያየው።

ጌጤነህ ሞከረ፦ «አይዞሽ» አለኝ፣ «ሁሉም ያልፋል።»
አስናቀች በእጇ አስቆመችው፦ «ማን ነገረህ? ያላለፈለት ይሰማሃል።
ስንቱ ነው አንተን አይዞህ ብሎ በሩን ዘግቶ የሄደው?»
ጌጤነህ መልስ አልሰጠም፤ የጫማውን ማሰሪያ ፈታው።

ተራው የኔ ሆነ።
«ታሪክሽን ንገሪን፤ የምትፈልጊውን ብቻ፣ የቀረው ላንቺ ይቅር።»
በሕይወቴ ማንም የቀረውን ለኔ ትቶልኝ አያውቅም ነበር።

ስለ ገመዱ ነገርኳቸው።
የጓሳ ሣር ነው፤ አባቴ ማታ ማታ የገመደው፤
እጄን እንዳይልጠኝ ብሎ በበግ ጠጉር የጠቀለለው።
ሰው ገመዱን ብቻ ያያል፤ እኔ ጠጉሩንም አየሁት፤
ለዚህም ነው ይቅር ማለትም፣ መቀየምም ያልቻልኩት።

ሦስት ሳምንት ተማርን። ከሰዓት ከሰዓት ጉም ይገባል፤
ሜዳውም፣ በጉም፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላትም ይጠፋል።
የከበደኝን ቃል ደብተሬ ላይ አሰፍራለሁ፦ «ድንበር»፣ «ምስጢር»፣
«ለራስ እረፍት መስጠት» (ይሄን ሁለቴ አሰመርኩት፣ ከሥር)።

ከዚያ ላኩኝ።
ከገበያው ወዲያ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ባሕር ዛፉ ጥግ ካለው ቤት፤
መሳፍንት የሚሉት ልጅ አለ፤ ደጅ አልወጣም አምስት ወራት።

እናቱ በር ላይ መዘነችኝ፦ «ሐኪም ነዎት?»
«አይደለሁም።» «ታዲያ ከወረዳ ነው የመጡት?»
«አይደለሁም። እንደሱ ሆኜ ነበር» አልኳት፣ በቃ፤
በሩን ከፈተችው፣ ጥቂት፣ ለዓይን እንጂ ለትከሻ የማይበቃ።
በጎኔ ሾልኬ ገባሁ።

አንድ አልጋ፣ አንድ የከብት ሰንሰለት፣ አንድ ልጅ፤
ሰንሰለቱ ከምሰሶው፣ ልጁ ከሰንሰለቱ፣ ዓይኑ ከደጅ።

የተማርኩት ሁሉ ጠፋኝ፤ ደብተሬ ጭኔ ላይ እያለ።
ብዙ ቆየን። ጥላው ከመደቡ ወርዶ መሬት ላይ ዋለ።
«አንቺንስ ምን ይሉሽ ነበር?» አለኝ።
«ድምፆቹ?»
«የድምፆቹንማ አውቀዋለሁ። ሰዎቹ።»
ነገርኩት፣ አንድ ሳላስቀር።
ሳቀ። እናቱ ከጓዳ ወጣች፣ ሳቁን ስትሰማ፤
ጣሳዋን እንደያዘች ቆመች፣ እንደጠፋባት ዜማ።

ስወጣ ተከተለችኝ፦ «መቼ ይድናል?» በሹክሹክታ።
«አላውቅም» አልኩ። «ማክሰኞ ግን እመጣለሁ፣ ለጨዋታ።»
ሰንሰለቱን አልፈታሁም፤ ቁልፉም እኔ ጋ የለም፤
ነገ ለአስናቀች እነግራታለሁ፤ እሷ ችላ አትልም።

ማታ ቅጹን ዘረጋሁ። አምፖሉ ይጠፋል፣ ይመጣል።
«የተሰጠ አገልግሎት» ይላል።
«ተቀመጥን» ብዬ ጻፍኩ። «አንዴ ሳቀ።»
ከላይ ያ ሣጥን አለ፤ እንደ ድሮው አፉን ከፍቶ ጠበቀ።
«አጽናኝ» አልኩበት፣ በእርሳስ፣ ቀለል አድርጌ፣ እንዲጠፋ ቢያስፈልግ፤
ማክሰኞ፣ ምናልባት፣ በስክሪብቶ እደግመው እንደሆን አያለሁ፣ ስመለስ ከዚያ ጥግ።