በስቱኮ የተለካ ጣት

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት፣
አልጋዬ ላይ በጀርባዬ፣ በአንድ አውራ ጣት
አልማዝ አሽከረክራለሁ።
አንዱን ገልብጬ አያለሁ፣ አንዱን ንቄ አልፋለሁ።
የስልኬ ፊት ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል፤
የሐዋሳን መስኮት የሚገጥም፣ የራሱን መግጠም መች ያውቃል?

አልማዝማ ለእኔ እንግዳ አይደለም፤
ያለ እሱ ውዬ አላውቅም፣ ያለ እሱ እንጀራም የለም።
አሥራ አንድ ዓመት በደረት ኪሴ፣ በመቁረጫዬ አፍንጫ ላይ፣
ከሰናፍጭ ያነሰች፣ ካልዳሰሷት የማትታይ፤
ጭርርር ብላ ካለፈች፣ በር የሚያህል መስታወት
እሺ ብሎ ይከፈላል፣ እንደ ተስማማ ጎረቤት።
ማንም አይቶ አላደነቃት፣ ማንም ነጥብ አልሰጣት።

እዚህ ግን ድንጋዩ ሁሉ እንደ ተማሪ ካርድ አለው፦
አቆራረጥ፣ ቀለም፣ ጥራት፣ ካራት፣
በየረድፉ ውጤት፣ ከውጤቱ ግርጌ ማኅተም፣ ፊርማ ያለበት።
ዋጋ የምትባል ክብ አለች፣ መስመር ላይ የምትንሸራተት፤
ወደ ግራ ሳብ ሳደርጋት
አራት ሺህ የነበረው ድንጋይ ብትን! ብትን!
አሞራ ገደል ዓሣው ሲያልቅ፣ አባ ኮዳ እንደሚበተን።
ሦስት መቶ ቀሩ።
ሳብ። አርባ።
ትንፋሼን ይዤ፣ እንደገና ሳብ። ሰባት።

ከሰባቱ አንዷን ጠራኋት፤ አሥር እጥፍ አጎላኋት።
ሆዷ ውስጥ ጭረት አየሁ፣ ከቅንድብ ፀጉር የቀጠነ።
«ላባ» ብለው ጽፈውበታል። ላባ!
እኔ ሱቅ ቢሆን ስንጥቅ ነው፤ በግማሽ ዋጋ ይሸጥ፣ ወይ ገንዳ ይግባ።
ለነውር የሚያምር ስም ማውጣት
እሱም ሙያ ነው መሰለኝ፤ ደመወዝ የሚከፈልበት።

ምንታምር ኮሌታ ትሰፋለች፣ ፓርኩ ውስጥ፣ ሼድ ዐሥራ ሁለት።
ማሽን ላይ ቀለበት ክልክል ነው፤
ይቺን የሚያህል ብር ከፍዬ፣ በመሐረብ ጫፍ ልትቋጥራት።
ጣቷን መለካቴን አታውቅም።
ባለፈው እሑድ ሱቅ መጥታ፣ በስቱኮ ስትጫወት
«እስኪ ይቺን ጣትሽን» አልኳት፤ እየሳቀች አስገባችበት።
ማክሰኞ ደርቆ አገኘሁት፦
አሥራ ስድስት ሚሊ ተኩል፣
የመርፌዋ ጠባሳ ሳይቀር፣ ጎኑ ላይ ታትሞበት።

ያገናኘንም መስታወት ነው። አቶቴ፣ የኪራይ ክፍል፣
የሰፈር ልጆች ኳስ፣ አንድ የረገፈ መስኮት፤
ቸኩዬ የገጠምኩላት አረፋ ነበረበት፣ ምስር የምታክል።
በማግስቱ ልቀይረው ብሄድ፣ በር ላይ ቆማ አገደችኝ፤
«አትንካው። ጠዋት ጠዋት
ጀሪካኑ ላይ ቀስተ ደመና ይጥላል» አለችኝ።
አየሁት። እውነቷን ነው።
ቢጫው ጀሪካን ላይ ሐምራዊ፣ ከክዳኑ ዝቅ ብሎ።
የዚያን ቀን ሂሳብ አልጠየቅኩም።
እስከ ዛሬም አልከፈለችኝም።

ላባ ያላትን መረጥኳት። ቅርጫቱ ውስጥ ከተትኳት።
ካርድ ቁጥር አለኝ፤ የውጭ ካርድ።
እኔ ያለኝ የቀበሌ መታወቂያ ነው፣ ያውም ጊዜው ያለፈበት።
ዱባይ የምትመላለስ የላሊሞ እህት አለች፤
ነገ እሷን ልለምናት።
እጄ ግን አላርፍ ብሎ፣ ለምንታምር ጻፍኩላት፦
«ሆዱ ውስጥ ላባ ያለበት ድንጋይ ቢሰጥሽ ምን ትያለሽ?»

ሌሊት ፈረቃ ነበረች። ለስምንት ሩብ ጉዳይ፣ በእረፍቷ፣ መለሰች፦
«ድንጋዩ ይቆየን።
አባቴ ጆሮው ከብዷል፤
ድምፃቸው ጎላ ያለ ሽማግሌ ፈልግ።»

ስልኬን ደረቴ ላይ ደፋሁት።
ስቱኮው መስኮቱ ደፍ ላይ አለ፣ ቀዳዳው ወደ እኔ ዞሮ።
በጨለማ ትንሿን ጣቴን ሰደድኩ፤
ከጥፍሬ አላለፈም።