ሦስተኛው ስንኝ

የማኅበሩን አዳራሽ ቁልፍ ሠላሳ ዓመት ያዝኩ፣
ወንበር ደረደርኩኝ፣ ምድጃ ለኮስኩ፤
ስለ ሞራግ ጊሊስ ጋዜጣው ሲጽፍ፣
ያቺን አንዲት ማታ ዘልሏት ነው የሚያልፍ።

አገሯ ግሌስ ቤይ፤ ከሰሉ ከባሕር ሥር፣
ወንዱ ከዓሣ በታች ሲነጋ የሚቀበር።
ሒሳብ የተማረች ከአባቷ ፖስታ ነው፤
ከላይ ዐሥራ አንድ ዶላር፣ ከታች የሚቀነሰው፦
የቤት ኪራይ፣ ፋኖስ፣ ባሩድ፣ የሐኪም፣
የኩባንያው ሱቅ ዕዳ፣ የቦት ጫማ ጥገናም፤
ተደምሮ ተቀንሶ፣ ፖስታው ሲገለበጥ፣
ሦስት ሳንቲም ወጣ፣ በዳቦ የማይለወጥ።

የአየሩን ማራገቢያ፣ ለመብራት ቁጠባ፣
«አስቁሙት» ያለ ሰው ነበር፤ ጋዙ ገባ።
ዐሥራ ዘጠኝ ሬሳ። እሷ ዐሥራ ሰባት።
ጊታር ተበደረች በሦስተኛው ዕለት።

አድማው በተመታ በዘጠነኛው ማታ፣
ከፖሊስ ፈረስ ፊት በርሜል ላይ ወጥታ፣
ያን የፖስታ ሒሳብ ቁጥር በቁጥር አዜመች፤
ሦስተኛው ስንኝ ላይ ስም ጠርታ ቆመች፦

      አባቴን ሲያመጡት በቃሬዛ ከደጅ፣
      አየሩን ማን ዘጋው? ብትሉኝ፣ ታልማጅ።

ታልማጅ ከፎቁ ላይ መስኮቱን ዘጋ አሉ፤
ልጆች ግን ከታች ስሙን ሲዘምሩ ዋሉ።

ቶሮንቶ ጠራቻት። ሸክላ አሳታሚው፣
ወንበር ስቦ አስቀመጣት፤ ትሕትናው ነው የሚያስፈራው።
«ሁሉም ግሩም» አላት፣ «ስሙን ብቻ አውጪው፤
ጠበቃ አለው ሰውየው። ክረምቱን አስገቢው።»
እናቷ ታማለች፤ ኪራይ አልተከፈለ።
ፈረመች። ዘፈኑ በሬዲዮ አየለ፦

      አባቴን ሲያመጡት በቃሬዛ ከደጅ፣
      ማን ነው የወሰደው? ብትሉኝ፣ ያ ብርድ።

ቤት አይመታም እኮ። ማንም ልብ አላለም።
ሠላሳ ሺህ ሸክላ፤ አንድም የጠየቀ የለም።
እናቷ ብቻ ናት፣ ሬዲዮውን አጥፍታ፣
በእርሳስ የጻፈችላት በማግስቱ ማታ፦
«ለካ አባትሽን ብርድ ነው የገደለው።
እኔ ደግሞ ጋዝ ብዬ ይህን ሁሉ ዓመት የማለቅሰው።»

ውሉን አፈረሰች፤ ካሣውን ለመክፈል፣
ስድስት ዓመት አንሶላ አጠበች በሃሊፋክስ ሆቴል።
ባል አግብታ ነበር፣ ጀልባ የሚቀባ፤
«ከአድማ ጋር ተጋባሽ» ብሎ ከእናቱ ቤት ገባ።
ከዚያማ የት ቀረች? የዓሣ ፋብሪካ ሴቶች፣
የሃሚልተን ብረት አቅላጮች፣ ነርሶች፣
አድማ የጠሩ ለታ ቀድማ የምትደርስ፣
በአውቶቡስ መጥታ በእግሯ የምትመለስ።
ፖሊስ በቆመጡ የጊታሯን አንገት ሰበረ፤
አባቴ ከጉድጓድ ምሰሶ ቆርጦ ቀጠለው፤ ድምፁ ሻክሮ ቀረ።
«ይሻላል» አለችው።
በየመድረኩ ላይ ስሙን ትመልሳለች፤
ሸክላው ግን በየቤቱ ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ታውቃለች።

ሰባ ስምንት ዓመቷ። ጉሮሮዋን ቀደው፣
ድምፅ የሚባለውን ሐኪሞች ወስደው፣
ያን ማታ ለክብሯ አዳራሹ ሞልቶ፣
ከንቲባው ኬክ ይዞ፣ ከረቫቱ ጠብቶ፣
ቀጫጫዋ ኤልስፔት፣ ከሸክላው አጥንታ፣
ሦስተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ ረግታ፣
«ብርድ» ብላ ጨረሰች። ጭብጨባ ሳይጀመር፣
ከዘራ ወለሉን መታ ከፊተኛው ወንበር።
አንዴ። ደግሞ። ደግሞ።
ልጅቷ ደንግጣ ወደ እኔ ዞረች።
ቁልፍ ያዥ ነኝ እኔ፤ ከእኔ ምን ፈለገች?
«ድገሚው» አላት አንድ ከኋላ የተቀመጠ፣
በሳሉ መካከል ቃሉ የተቆራረጠ።
ደገመችው። ከዘራው ምቱን ይዞ አብሮ፣
ኬኩ ተረስቶ፣ ከንቲባው አቀርቅሮ፣
ቤቱ እስኪመታ ድረስ ቆመን ጠበቅናት፦

      አባቴን ሲያመጡት በቃሬዛ ከደጅ፣
      አየሩን ማን ዘጋው? ብትሉኝ፣