ያለ ቴምብር

በሄምስቬልት መንደር፣ በብራባንት ሜዳ ላይ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ ደብዳቤ አዳይ።
በብስክሌት እዞራለሁ ዝናብም ቢመጣ፤
አውቃለሁ፣ ሂሳብ ሲደርሰው ማን እንደሚቆጣ፣
የትኛዋ መበለት ለእህቷ እንደምትጽፍ፣
የማን ውሻ ካልሲዬን ከእግሬ እንደሚገፍፍ።

የቲኑስ አባት በነበሩበት በዚያ በአሮጌ እርሻ
አሥራ ሁለት ፍየል ነበር የሀብታቸው መጨረሻ፤
ስም ነበራት እያንዳንዷ፤ አንዷ ድንገት ብትታመም
ጓሮ ትታሰር ነበር፤ በሽታው አጥር አያልፍም።

ከዚያ ላሙ ኮታ ሆነ፣ አሳማው ወረርሽኝ፤
«ፍየል አብዛ» አለ ባንኩ፣ «ብድሬን መልስልኝ»።
ቲኑስ አራት ሺህ አስገባ በአንድ ጣሪያ ሥር፤
ስም ቀረና ጆሯቸው ላይ ተንጠለጠለ ቁጥር።
ጎን ለጎን ተጣበው ቆመው፣ አንዷ ስታስነጥስ
ሌላዋ ናት የምትምገው፣ ሳይወርድ መሬት ድረስ።

ከበረቱ ማዶ ደግሞ፣ ስንዴ በነበረበት፣
ሦስት መቶ ቤት በቀለ፣ ግድግዳው የተጋራበት።
«ንጹሕ አየር ፍለጋ ነው» አሉኝ ከከተማ የመጡት፣
የዕቃቸውን ካርቶን እንኳ ገና ፈትተው ሳይጨርሱት።

የካቲት ላይ ፍየሎቹ ሳይሞላላቸው ጨነገፉ፤
ግልገሎቹ እንደ እርጥብ ጓንት ገለባው ላይ ተነጠፉ።
ቲኑስ አልተናገረም፤ ማንም አልጠየቀው፤
«ያጋጥማል» አለና ከፍጉ ጋር ደባለቀው።
ሚያዝያ ደርቆ መጣ፣ ሰማዩ ጠብታ ነፍጎ፤
ፍጉን ማሳ ላይ በተነው፣ እንደ ዱቄት አድርጎ።
ያኔ ነው ሌላው ፖስተኛ ሥራ የጀመረው፦

ነፋስ።

ቦርሳ የለው፣ ደንብ ልብስ የለው፣ ደወል አያሰማ፤
አድራሻ አያነብም፣ አይጠይቅም ፊርማ።
በመስኮት ይገባል፣ በተሰጣ አንሶላ፣
በሕፃን ጋሪ ሽፋን፣ በካፌው ደጅ ጥላ።

ግንቦት ላይ ያኮቡስ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ኦርጋን መቺ፣
መዝሙሩን አቋርጦ ወጣ፣ ሳል አንቆት ወደ ውጪ።
ዶክተር ኔሌከ «ጉንፋን ነው» አለች፤ ቀጥላ ዝም አለች፤
አርባኛውን ሳንባ ሰምታ ወደ እኔ ደወለች፦
«ቤቶቹን አንተ ታውቃለህ። ና፣ ካርታው ላይ አሳየኝ።»

ቀይ እስክሪብቶ ሰጠችኝ።
አንድ በአንድ ነቆጥኩ፤
ከበረቱ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ሲጓዝ አየሁ።
በአሮጌዎቹ እርሻዎች፣ ቤት ከቤት በተራራቀበት፣
አንድ ነጥብ እዚህ፣ አንድ እዚያ፤
አዲሱ ሰፈር ሲደርስ ግን
እንደ ኩፍኝ ችፍፍ አለ።
ተከትዬ ሳየው
መንገዱ የእኔው ነበር፣ የማለዳ መንገዴ።

በታኅሣሥ የአደራ ደብዳቤ መጣ፣ ለቲኑስ፣ ባለ ማኅተም።
«እርጉዞቹ በሙሉ ይወገዱ» ይላል፤ ከፍቼ አላየሁትም፣
መንደሩ ሁሉ ግን ያውቀዋል፤ እሱም ሳያነብ ቀደመ፤
እጁን በቱታው ጠራርጎ ዝቅ ብሎ ፈረመ።
«እኔን አስፈረምከኝ» አለ፤ «ነፋስን ማን አስፈረመ?»

ሦስት ቀን ሙሉ የጭነት መኪና ተመላለሰበት፤
በአራተኛው የመንደሩ ውሻ ሁሉ ጸጥታውን ጮኸበት።

ያኮቡስ ዛሬም ደረጃ ሲወጣ ሁለቴ ያርፋል፤
አንዳንዱ ጎረቤት ቲኑስን ሲያይ መንገድ ይሻገራል።
ርካሹን የፍየል አይብ ግን
እኔም ገዝቻለሁ፤
በየኩሽናው መስኮት
ሳህን ላይ አይቻለሁ።

ዘንድሮ ሌላ ፖስታ መጣ ከማዘጋጃ ቤቱ፤
ፈቃድ ነው፦ አርባ ሺህ ዶሮ፣ እዚያው በረቱ።
ደጁ ሳልደርስ ከብስክሌቴ ወረድኩ፤
ጣቴን በምራቄ አርጥቤ
ወደ ላይ ዘረጋሁ፣
ከየት እንደሚነፍስ።