ቋ… ቋ

ዋንዛ ልገዛ ስል ከጅሬን ጫካ ዳር
አስቀድሜ በጣት አንኳኳለሁ ግንዱን፤
ድምፁ ከሰለለ ብል ገብቶበታል፣
ላዩ እያብረቀረቀ ባዶ አርጎታል ሆዱን።

ተሚማ መጣች፣ መዝገቧን ታቅፋ፣
ለሦስተኛ ጊዜ፣ ባጃጅ በማይደፍረው በሂርማታ ጭቃ።
«ሙኒራ ጤና ናት፣ ምኗ ይታያል?» አልኩ
መላጊያዬን ሳልተው፣ ሥራዬን ሳላበቃ።
እሷም ጎንበስ ብላ ያልተላገ ጣውላ
በጣቷ መታችው፤ ቋ… ቋ።
«ይሄስ ታሟል?» አለች።

አቼቶ ነው አሉ፣ ሰላጣ ላይ ያለው፣
በጥጥ ነክረው፣ ቀብተው፣ አንድ ደቂቃ መጠበቅ።
እኔ ደጅ አግዳሚ ላይ፣ ራሴ የሠራሁት፣
አንድ እግሩ የሚነቃነቅ፣
ስልሳ ልቆጥር ብዬ
አርባ ላይ ጠፋብኝ። እንደገና ከአንድ።

ነጭ ምልክት ተገኘ፣ የስንዴ ፍሬ ታክላለች፤
ያኔውኑ ተኮሷት።
«ካንሰር አይደለም፤ ግን መንገድ ጀምሮ ነበር።»

አዌቱ ድልድይ ላይ ሙኒራ ቆም አለች፤
እኔን አላየችኝም፣ ውሃውን ነው ያየች።
«እህትህስ?» አለችኝ። «የነዚፍስ ሚስት?»

ማታ ከነዚፍ በር፣
ያው በዚያችው ጣት፣
ቋ… ቋ።
«ማነው?» አለ ከውስጥ።
ምን እንደምለው ገና አላወቅሁም።