ምን አለ?

ሰባት ፊት በአንድ ፖስተር፣ ሰባት ደረት ተደርድሮ፣
ፀጉሩ ቀለም ጠጥቶ፣ ሽብሽቡ ተሰውሮ።
ፒያሳ፣ ሲኒማው ደጅ፣ ዘርጋው ቀድሞኝ ደርሷል፤
ከገላን ጉራ ድረስ ሁለት ታክሲ ይዟል።
«ሁሉም አሉበት!» አለኝ፣ «በአንድ ፊልም ሰባቱ!
ባለ ጠባሳው፣ ባለ ክላሹ፣ ያ ካራቲስቱ!»
ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፣ የስኳር ኪኒን በኪሱ፤
ዓይኑ ግን አሥራ አንድ ነው፣ አላረጀም እንደ ራሱ።
ትኬቴን እሱ ቆረጠ። ልከፍል ብል እምቢ አለ፤
«አንተ ድሮም በነፃ ነህ» ብሎ እጄን ከለከለ።

ያኔ፣
ዶሮ ማነቂያ ሳይፈርስ፣ ጋሽ ሙዘይን ጓሮ፣
ጆንያ የጋረደው መስኮት፣ የሚያፈስ ቆርቆሮ፣
በስሙኒ ገብተን ጉልበት በጉልበት ስንደራረብ፣
እኔ ነበርኩ አስተርጓሚው፤ የፈረንጁ ምላስ፣ የፈረንጁ ልብ።
በነፃ እገባለሁ፤ ደሞዜ ይኸው።
እንግሊዝኛ? ከኤቢሲዲ ወዲያ ጨለማ ነው።
አክተሩ ከንፈሩን ሲያላውስ ግን፣ ዱላዬን አንስቼ፣
ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሜ፣ ድምፄን አጎርንኜ፦
«እናቴን ያስለቀሰ ሰው፣ አይመሽለትም!»
ሽጉጡን ሲያጎርስ፦
«ይቺ ጥይት ስምህን ጠይቃ ነው የመጣችው፤
አቤት በላት፣ አታስቁማት፣ እንግዳ ናት!»
ቤቱ በፉጨት ይናጋል።
«አክተር አይሞትም!» ይላል ዘርጋው፣ አየሩን በቡጢ እየነረተ።
ደጅ ስንወጣ፣ ጭቃው ላይ፣ ክርክሩ ይነሳል፦
ባለ ጠባሳውና ካራቲስቱ ቢገጥሙ፣ ማን ማንን ይጥላል?
ዘርጋው የፊት ጥርሱን
የገበረው ለዚህ ጥያቄ ነው።

ዛሬ መልሱን ልናይ ገባን።
አሥራ አንድ ተመልካች። አንድ ያንቀላፋ ዘበኛ።
መልስ የለም። ሰባቱም በአንድ ሄሊኮፕተር፣ እንደ ዕድርተኛ፣
ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ይሳሳቃሉ።
ባለ ጠባሳው ሲሮጥ፣ ካሜራው ፊቱን ያዞራል፤
አጥር የሚዘለው ሌላ ነው፣ ማጅራቱ የልጅ ይመስላል።
ካራቲስቱ እግሩን ሊያነሳ ሲል፣ ጭስ፤
ጭሱ ሲገፈፍ ሦስት ሰው ወድቋል፣ እሱ ቆሞ ላቡን ሲያብስ።
ባለ ክላሹ ከወንበር አልተነሳም፤ በስልክ ነው የሚዋጋው።
አንደኛው ገና ሳንለየው ሞተ፤ ሒሳቡን ተቀብሎ የሄደ ነው የሚመስለው።
እሳቱ እንኳ እሳት አይደለም፣ የተደፋ ሚሪንዳ።

ከሁሉ የከፋው ግን፣ አሁን እንግሊዝኛ እሰማለሁ።
ሃያ ስድስት ዓመት፣ ልደታ ፍርድ ቤት፣ አስተርጓሚ ነኝ፤
ከተባለው ላልጨምር፣ ከተባለው ላላጎድል፣
እጄን አንስቼ የማልኩ ነኝ።
«እንሂድ» ይላሉ። «ተጠንቀቅ» ይላሉ። «ቶሎ፣ ቶሎ፣ ቶሎ!»
ይኸው ነው።
ድሮም ይኸው ነበር?
ያ የእናት ዕንባ፣ ያቺ ስም ጠያቂ ጥይት፣
ከነሱ አፍ አልወጡም፤
ከአንድ በነፃ ከገባ ልጅ አፍ እንጂ።

ክርን ጎኔን ነካኝ።
«ምን አለ?» አለኝ ዘርጋው።
መጨረሻው ነበር። ባለ ጠባሳው፣ ፍርስራሽ መሃል፣ ጉልበቱን ደግፎ፣
«መኪናውን የት ነበር ያቆምነው?» ነው ያለው።
በቃ። ቃል በቃል።

ወደ ጆሮው ተጠጋሁ። ዳኛ አልነበረም።
«‹ቤቴን አፍርሳችሁ ጨረሳችሁ› አለ፤
‹ደጃፌን ግን ተሸክሜው ነው የምዞረው።
ኑ፣ አንኳኩ!›»

ዘርጋው ዝም አለ።
ከዚያ፣ ጣት ከአፉ ሳያስገባ፣
በዚያ በጥንቱ የጥርስ ክፍተት፣
ረጅም፣ ቀጭን ፉጨት ለቀቀ፤
ዘበኛው ደንግጦ ባትሪውን አበራብን።